ከመቶ አንዱ፦ የጅማ መሬት በማን ሚዛን ተለካ?

ጅማ ውስጥ "መሬቱ ይሰጣል" የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ቡና ነው። "ባዶ ቦታ ነው" የሚል ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ረግረግ ነው። ከሰቶ ሰመሮ ባጃጅ ተሳፍራችሁ ወደ ቦዬ ብትሄዱና ስለዚያ ውሃ ያቆረ ሜዳ ያገኛችሁትን ሰው ብትጠይቁ፣ መልሱ ከሁለት አያልፍም። ወይ "ጉማሬ አለበት" ይላችኋል፣ ወይ "ባዶ ነው፣ አፈር ቢደፋበት ቤት ይወጣዋል"።

ይህ ጽሑፍ ያ "ባዶ" የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ለመፈለግ የተጻፈ ነው። ረዘም ስለሚል ስኒያችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መጀመሪያ ሚዛኑን እንተዋወቅ። የሥነ ምህዳር ሰዎች የአንድን ቦታ ምርታማነት የሚለኩት በገበያ ዋጋ አይደለም። ጥያቄያቸው እንዲህ ነው፦ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ያሉ ዕፅዋት በአንድ ዓመት ውስጥ ከፀሐይ፣ ከአየርና ከውሃ ምን ያህል አዲስ አካል ሠሩ? ለራሳቸው መተንፈሻ ያቃጠሉት ተቀንሶ፣ እርጥበቱ ወጥቶ፣ የቀረው ደረቅ ነገር ስንት ግራም ይመዝናል? ቅጠሉም፣ ግንዱም፣ ሥሩም፣ ፍሬውም ይቆጠራል። ቆሞ የሚታየው የዛፍ ግዝፈት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ዘመን ያጠራቀመው ሀብት ነው። ምርታማነት ግን የዓመት ገቢ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

አሜሪካዊው ሮበርት ዊታከርና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ የዓለምን ሥርዓተ ምህዳሮች በዚህ ሚዛን አሰልፈው ያወጡት ሠንጠረዥ እስከ ዛሬ ከመማሪያ መጻሕፍት አልወጣም። ዝናብ የማይለየው የሐሩር ደን በካሬ ሜትር በዓመት 2,200 ግራም ገደማ ያመርታል። በጋና ክረምት የሚፈራረቁበት የሐሩር ደን 1,600፣ ሳቫና 900፣ የታረሰ መሬት በአማካይ 650፣ የበረሃ ቁጥቋጦ 90 ያህል። ከዳርቻ የራቀው ውቅያኖስ 125 ብቻ ነው፤ ከምድራችን ከግማሽ በላይ የሸፈነው ያ ሁሉ ውሃ በካሬ ሜትር ሲለካ ከበረሃ ብዙም አይርቅም።

ረግረግስ? 2,000 እና ከዚያ በላይ። ከሐሩር ደን ጋር የሚስተካከል፣ ከታረሰ መሬት አማካይ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ረግረግ ውሃ አይጠማውም። ከዳገቱ የታጠበው ለም አፈር መጨረሻው እዚያ ነው፤ ሌላው ሲከስር እሱ ይሰበስባል። ደንገልና ቄጠማ ደግሞ ወደ ላይ ቀጥ ብለው ስለሚበቅሉ አንዱ የሌላውን ብርሃን እምብዛም አይነጥቅም። የታጨደው ሳምንታት ሳይሞሉት መልሶ ያቆጠቁጣል።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ጀርመናዊው ሄልሙት ሊት በዚያው ዘመን አንድ ቀላል ቀመር አውጥቷል፤ የቦታውን የዓመት ዝናብና አማካይ ሙቀት ከሰጣችሁት፣ የተፈጥሮ ዕፅዋት እዚያ ምን ያህል ሊያመርቱ እንደሚችሉ ይገምትላችኋል። የማያሚ ሞዴል ይሉታል። ረቂቅ አይደለም፣ የአፈሩን ጠባይ አያይም፣ ግን ቦታን ከቦታ ለማወዳደር ይበቃል። ተቀምጬ አሰላሁት። 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብና 19 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ያላት ጅማ 1,900 ግራም አካባቢ ትወጣለች። 900 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብባት ደብረ ብርሃን 1,350 አካባቢ፤ 250 ሚሊ ሜትር ገደማ የምታገኘው ጎዴ ደግሞ 460 አካባቢ። የጅማ ሰማይ ከጎዴ ሰማይ አራት እጥፍ ይሰጣል ማለት ነው። እስካሁን የሚያስደንቅ ነገር የለም፣ ጅማ አረንጓዴ መሆኗን ለማወቅ ቀመር አያስፈልግም።

የሚያስደንቀው ቀጥሎ ያለው ነው። 1,900 ግራም በካሬ ሜትር ማለት በሄክታር 19 ቶን ነው። ከጫካ ቡና፣ ማለትም ሰው እምብዛም ካልነካካው ደን ሥር ከሚለቀመው፣ በሄክታር የሚገኘው ንጹሕ ቡና ብዙ ጊዜ ሁለት ኩንታል ገደማ ነው። ሁለት ኩንታል ከ19 ቶን ስንት ነው? ከመቶ አንድ።

ቡና ለአገራችን ከዋነኞቹ የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ነው። ነገሥታት ተጣልተውበታል፣ ከተሞች ተሠርተውበታል። ያ ሁሉ ታሪክ የተጻፈው ደኑ በዓመት ከሚሠራው በመቶ አንድ እጁ ላይ ነው። ዘጠና ዘጠኙስ? የሰሳው፣ የዋንዛውና የብርብራው ቅጠል ረግፎ አፈር ይሆናል። የገተሙ አበባ የንብ ቀለብ ይሆናል። ሥሩ ዳገቱን ጨብጦ ይይዛል። የቀረው የእንጉዳይ፣ የምስጥ፣ የዝንጀሮ ድርሻ ነው። አንድ ሰው "ያ ሁሉ ብክነት ነው" ሊለኝ ይችላል። ብሎ የሞከረም ሞልቷል። የጅማ ቀይ አፈር ጥልቅ ነው፣ ግን አሲዳማ ነው፤ ፎስፈረስን አጥብቆ ይይዝና ለሰብሉ አይለቅም። ለምነቱ የተቀመጠው በየዓመቱ በሚረግፈው ቅጠል ዑደት ውስጥ ነው። ደኑን መንጥሮ በቆሎ የዘራ ገበሬ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ጎተራው ይሞላል። ከዚያ በኋላ ኖራና ማዳበሪያ ፍለጋ ወረፋ ይይዛል። ብክነት ያልነው ነገር ለካ ኪራይ ነበር።

የጥንቶቹ የግቤ ነገሥታት ይህን ቀመር አያውቁም። ግን የራሳቸው ሚዛን ነበራቸው። ጅማ፣ ሊሙ እናሪያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ አምስቱ የግቤ መንግሥታት ነበሩ፤ በየድንበራቸውም ሰው እንዳይሰፍርበት የሚተው መሬት ነበር፤ ሞጋ ይሉታል። በሞጋው ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ኬላ አለው፣ ነጋዴው የሚፈተሸውና የሚቀረጠው እዚያ ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኸርበርት ሉዊስ በ1965 ባሳተመው የጅማ መንግሥት ታሪክ፣ መሐመድ ሐሰንም በ1990 በወጣው መጽሐፉ ይህን ሥርዓት በደንብ ገልጸውታል። ሞጋ የጦር ስልት እንጂ የአካባቢ ጥበቃ አልነበረም፤ ነገሥታቱን የዛሬ ዘመን አረንጓዴ ጀግኖች ማድረግ አልፈልግም። ግን ውጤቱን ተመልከቱ፦ ደንና ረግረግ ሳይታረስ በመቆየቱ ብቻ ዋጋ ነበረው። "ባዶ" መሬት ሥራ ነበረው፣ መንግሥት ያጥር ነበር።

ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት አባ ጅፋር ዳግማዊ ሀብታቸውን የለኩት በንግድ ነው። ከጅሬን ኮረብታ ሥር የነበረው የሒርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ከየአቅጣጫው ሰው ይሰበሰብበት ነበር፤ የዛሬዋ ጅማ ከተማ የበቀለችው ከዚያ ገበያ ላይ ነው። ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን ከጦር ማትረፋቸው ይታወቃል። ያንን ያላደረጉ ጎረቤቶች የደረሰባቸው ነገር ደግሞ ወደ ደኑ ታሪክ ይመልሰናል።

ጌራን እንውሰድ። ዛሬ ጌራ ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። "ከአዳም ዘመን ጀምሮ ያልተነካ" ይባልለታል። ጣሊያናዊው ተጓዥ አንቶኒዮ ቼኪ ከጓደኛው ከጆቫኒ ኪያሪኒ ጋር ጌራ በደረሱ ጊዜ ንግሥቲቱ ገኔ ፋ አግተው አቆዩአቸው። ኪያሪኒ በ1879 እዚያው ሞተ፣ ቼኪ በ1880 ተለቀቀ። ቼኪና በዚያ ዘመን አገሩን ያዩ ሌሎች አውሮፓውያን የጻፉትን የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን በ1995 በወጣው "ፒፕል ኦቭ ዘ ፕላው" መጽሐፉ ውስጥ መልሶ አነበበው። ያገኘው ጌራ ሰው የሞላበት፣ የታረሰ አገር ነበር። ከዚያ ጦርነቱ፣ የባሪያ ንግዱና በሽታው መጣ፣ ሰዉ አለቀ፣ ተበተነ። እርሻው ዳዋ ዋጠው፤ ዳዋውም ደን ሆነ።

ይህን ሳነብ ቆም ብዬ አሰብኩ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ልዩነት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ወጣት ደን ከሽማግሌ ደን ፈጥኖ ያድጋል፤ ያረጀው ደን ያጠራቀመው ብዙ ነው፣ በየዓመቱ በላዩ የሚጨምረው ግን ጥቂት ነው። በሥነ ሕይወት ሚዛን ብቻ ካየነው እነዚያ ሰው ያለቀባቸው አሠርት ዓመታት ለጌራ መሬት የብልጽግና ዘመን ነበሩ። ግራሙ ወደ ላይ ወጥቷል። ስለዚህ "ምርታማ" የሚለውን ቃል ስንሰማ ለማን ብለን መጠየቅ የግድ ነው። ቁጥሩ ሬሳ አይቆጥርም።

በኋላ የመጡት ባለመሬቶች ሚዛን ቡና ነበር። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኢሉባቦር ብንሻገር ነገሩ ጎልቶ ይታያል። እዚያ ያለውን ረግረግ በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤድሪያን ዉድና አላን ዲክሰን የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተውታል። የታሪኩ ሰንሰለት እንዲህ ነው፦ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ቡና ዳገቱን እየያዘ ሄደ። ቡና ደግሞ አይበላም። ለበቆሎ የሚሆነው መሬት ሲጠብ ባለመሬቱ ጭሰኛውን ወደ ታች፣ ወደ ረግረጉ ሰደደው። ቦይ ተቆፈረ፣ ውሃው ተንጠፈጠፈ፣ በቆሎ ተዘራ። ጥንቃቄ ያውቁ የነበሩ ገበሬዎች ከረግረጉ ራስጌ ላይ ያለውን ሳይነኩ እየተዉ፣ ቦዩን መልሰው እየደፈኑ፣ መሬቱን እያሳረፉ ነበር የሚያርሱት። የካቲት 1967 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ታወጀ፣ ባለመሬቱ ሄደ። ግፊቱ ግን አልሄደም፤ በደርግ ዘመን የሚዛኑ ስም ኩንታል ሆነ፣ ረግረግ ሁሉ "ሥራ የፈታ መሬት" ተብሎ እንዲንጠፈጠፍ ከላይ ትእዛዝ ይወርድ ነበር።

በነገራችን ላይ ያ ረግረግ በእኛ አካባቢ ጨፌ ነው የሚባለው፤ በላዩ የሚበቅለውም እንደዚያው። ቡና ሲፈላ ቤት ውስጥ የሚጎዘጎዘው፣ የሳር ቤት ጣሪያ የሚከደንበት እሱ ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሕግ የሚያወጡትም በጨፌ ሜዳ ላይ ስለነበር የክልሉ ምክር ቤት እስከ ዛሬ ጨፌ ኦሮሚያ ይባላል። ስሙን ለምክር ቤት ሰጥተን መሬቱን ባዶ ነው ማለታችን ትንሽ አያስቅም?

ወደ ቦዬ ልመልሳችሁ። ከጅማ ከተማ የሚወርደው አዌቱና ሌላው ጎርፍ እዚያ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ ግልገል ግቤ ይሄዳል። ግልገል ግቤ ላይ ደግሞ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ አለ፤ ሥራ የጀመረው በ2004 ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 ባሳተሙት ጥናት ደለል የግድቡን ዕድሜ እንደሚያሳጥር አስጠንቅቀዋል። ከመፈልፈያ ጣቢያዎች የሚወጣው የቡና እጣቢ የአካባቢውን ወንዞች ምን ያህል እንደሚጎዳም ተደጋግሞ ተጠንቷል። ይህን ሁሉ ደለልና ቆሻሻ ውሃ አዘግይቶ የሚያጣራው ማን ነው? ያ ጨፌ ነው፤ ከውሃው ጋር የመጣውን ንጥረ ነገር ሥጋው ያደርገዋል። 2,000 ግራሙ የሚመጣው ከዚያ ነው። አፈሩ ለጡብ ሲቆፈር፣ ዳሩ ባሕር ዛፍ ሲተከልበት፣ ጎኑ ሲደለደል የሚጠፋው "ቦታ" ብቻ አይደለም፣ የዓመት ደሞዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ ነው።

አላወቅንም ማለት ግን አንችልም። ለዚህ የከፋው ምሳሌ ያለው ከጅማ ውጭ፣ በቢሾፍቱ አካባቢ ነው። በዚያ ካሉት የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቆች ሁለቱ፣ አረንጓዴ ሐይቅና ኪሎሌ፣ በሶዳ የተሞሉ፣ ውሃቸው እንደ ጎመን ወጥ የወፈረ ነበሩ፤ ያ አረንጓዴነት ስፒሩሊና የሚባለው ደቂቅ ነገር ነው። ታሊንግ፣ ዉድ፣ ፕሮሰርና ባክስተር የተባሉ ሳይንቲስቶች ለክተው በ1973 ያሳተሙት ውጤት የዘርፉን ሰዎች አስደነቀ። ተንሳፋፊ ደቂቅ ዕፅዋት በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ ሊያመርቱ የሚችሉት ከፍተኛው ልክ የት ድረስ ነው የሚለው ጥያቄ የተመለሰው በእነዚህ ሁለት ሐይቆች ነው። የዓለም ጣሪያ የተለካው ከአዲስ አበባ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ላይ!

በ1989 የሞጆ ወንዝ ለመስኖ ተብሎ ወደ ኪሎሌ ተጠለፈ። ሶዳው ቀጠነ፣ ውሃው ጣፋጭ ሆነ፣ ስፒሩሊናው ጠፋ። ፕሮፌሰር ብሩክ ለማ ለውጡን ተከታትለው ጽፈዋል። ወንዙን የጠለፉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ የያዙት ሚዛን መስኖን እንጂ ስፒሩሊናን አይመዝንም ነበር። ለእነሱ ኪሎሌ የማይጠጣ፣ የማያጠጣ ውሃ ነው። ባዶ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ክርክር ልቃወም፤ አንባቢ ቀድሞኝ እንዳይደርስ። ግራም ብቻ የሚቆጠር ከሆነ አሸናፊው ባሕር ዛፍ ሊሆን ይችላል። በምኒልክ ዘመን የመጣው ይህ ዛፍ በጥሩ መሬት በዓመት በሄክታር ከ20 ሜትር ኩብ በላይ እንጨት ይሰጣል፤ የአገር በቀል ደናችን አጠገቡ አይደርስም። ጅማ ዙሪያ ያለ ገበሬ ባሕር ዛፍ ቢተክል አልፈርድበትም፣ የልጁ የትምህርት ቤት ወጪ ነው። ጣናን የወረረው እንቦጭስ? በፍጥነት ማደግ ምርታማነት ከሆነ ከእሱ የሚበልጥ ጥቂት ነው። ስለዚህ የሥነ ሕይወት ሚዛንም እንደ ንጉሡ፣ እንደ ባለመሬቱ፣ እንደ ደርጉ ሚዛን ሙሉ እውነት አይነግረንም። የሚጠቅመን ለአንድ ነገር ነው፦ ባዶ ያልነው ቦታ ባዶ አለመሆኑን ያጋልጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ የሚሠራው ነገር ወዴት ይሄዳል፣ ማን ይበላዋል የሚለውን፣ እኛው ነን የምንጠይቀው።

የእኛስ ዘመን ሚዛን ምንድን ነው? አንደኛው የችግኝ ቁጥር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ታውጇል። መትከል ጥሩ ነው። ግን ጨፌ ችግኝ የለውም፣ ተቆጥሮ ሪፖርት አይደረግም። ሁለተኛው ሚዛን ከውጭ የመጣ ነው። በለጠ ጌራ ደን ውስጥ ከ2003 ጀምሮ በጃፓን መንግሥት የተራድኦ ድርጅት ድጋፍ ዋቡብ የሚባሉ የገበሬ የደን ማኅበራት ተቋቁመዋል፤ የጫካ ቡናቸውም በ2007 የሬይንፎረስት አሊያንስ ምስክር ወረቀት አገኘ። እውነቱን ለመናገር ከሰማኋቸው ፕሮጀክቶች ሁሉ ከተሻሉት አንዱ ነው፣ ምክንያቱም ገበሬው ከመቶ አንዱን በተሻለ ዋጋ ሸጦ ዘጠና ዘጠኙን እንዲተው ምክንያት ሰጥቶታል።

አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ አለ፤ ተግባራዊነቱ እየተራዘመ ቢሆንም የቡና ነጋዴው ሁሉ ወሬ እሱ ነው። ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮበት የተመረተ ቡና አውሮፓ እንዳይገባ ይከለክላል። የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ በጂፒኤስ ተለክቶ እንዲቀርብም ይጠይቃል። በሕጉ ትርጉም ደን ማለት ከግማሽ ሄክታር የሚበልጥ፣ ዛፎቹ ከ5 ሜትር በላይ የሚደርሱ፣ ጥላቸው ከመሬቱ ከ10 በመቶ በላይ የሚሸፍን ቦታ ነው። ጨፌ በዚህ ትርጉም የለም።

አሁን የጌራን ወይም የጎማን ገበሬ አስቡት። ዳገቱ ላይ ያለው ደን በሳተላይት ይታያል፤ እሱን ቢመነጥር ቡናው ገዢ ያጣል፣ ስለዚህ አይነካውም። ቤተሰቡ ግን ይበላል፣ ቡና ደግሞ አሁንም አይበላም። የሚቀረው መሬት ከታች ያለው ረግረግ ነው፤ የኢሉባቦር ጭሰኛ ከመቶ ዓመት በፊት የተላከበት ያው ቦታ። ሰሞኑን ለምዝገባ በየቀበሌው የሚዞሩት ልጆች ስልካቸውን ይዘው የቡናውን ማሳ ጥግ በጥግ እየዞሩ ይለካሉ። በቆሎው የት እንደሚዘራ የሚጠይቅ ግን የለም።